ሃይማኖት የሌለው አራጅ

እኔ ግብሬን የምከፍለው ሐምሌ አንድ ቀን ጠዋት ነው፤ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ። ዘበኛው ያውቀኛል። «እትዬ ሰርክአዲስ፣ ዘንድሮም ቀደሙን?» ይለኛል። ያለችኝ ክርና ቁልፍ፣ መርፌና ዚፕ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ናት። ልጄ ሜሮን ትስቅብኛለች።

«እማዬ፣ እስከ ሐምሌ ሠላሳ እኮ ጊዜ አለሽ።»

«ሐምሌ ሠላሳ መድረሴን ማን ነገረሽ?» እላታለሁ።

እንዲህ ነኝ። ስልክ ሲጮህ ቀድሞ የሚታየኝ ሬሳ ነው። ሜሮን ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች በደሴ መንገድ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች ሁሉ በልቤ ላይ ይነዳሉ። ባሌ «ከማን ወረስሽው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከማንም አልወረስኩትም። እናቴም አባቴም እንዲህ አልነበሩም። እኔ ፍርሃትን የተማርኩት ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአንዲት ላም ምክንያት ነው።

ሸጊቱ ትባላለች። ቀይ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ የእጅ አሻራ የመሰለ ምልክት ነበራት። እናቴ ስታገባ አያቴ ናቸው የሰጧት፤ ከደብረ ሲና በላይ ካለው ብርድ አገር። ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ ሸዋ ሮቢት ስትገባ ሙቀቱ ማህፀኗን ዘጋው ይባላል። አንድ ጥጃ ወልዳ ሞተባት፤ ከዚያ ወዲህ አልደገመችም። ሥጋ ብቻ ጨመረች። የሰፈሩ ሰው በግቢያችን ሲያልፍ ቆም ብሎ ያያትና «አቤት፣ ይቺ መሲና!» ይላል።

መሲና ማለት የማትወልድ፣ የማትታለብ፣ ዝም ብላ የምትሰባ ላም ናት። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያደነቀ ስለሚለው ቆንጆ ማለት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ለሠርግ ለብሳ ስትወጣ፣ ጎረቤት ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ «እማዬ፣ ዛሬ መሲና መስለሻል» ብያት አውቃለሁ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እናቴ እኔን ብቻ ነበር የወለደችው፤ እሷም አብራቸው ሳቀች።

አባቴ «ይቺን ላም እንሽጣት» ባለ ቁጥር፣ «መጀመሪያ እኔን ሽጠኝ» ትለዋለች።

አባቴ ክንፈ ገበሬ ነበር፤ በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርት ያመርታል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ነጋዴ ሊሆን ፈለገ። ንግድ ፈቃድ አወጣ፣ መጋዘን ተከራየ፣ የጎረቤቱን ሽንኩርት ሁሉ ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ ጫነ። መኪናው ጣርማ በር ዳገት ላይ ተሰበረ፤ ዝናብና ጭጋግ ውስጥ ቆሞ ሽንኩርቱ በሰበሰ። አባቴ ተመልሶ መጋዘኑን ዘጋ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጠ፣ ወደ እርሻው ገባ። ፈቃዱን ግን አልመለሰም። ጉርድ ፎቶው የተለጠፈበትን፣ ክብ ማኅተም ያረፈበትን ያን ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ትይዩ ሰቀለው።

እኔ ሽልማት ይመስለኝ ነበር። ሥራ መተውና ፈቃድ መመለስ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለአባቴ የነገረው ሰው አልነበረም። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ መንግሥት የሚያውቀው ክንፈ የሚባል ሽንኩርት ነጋዴ እንዳለ ነው። እሱ እርሻው ላይ ቦይ ሲቀድ ግብሩ፣ በግብሩ ላይ ቅጣቱ፣ በቅጣቱ ላይ ወለዱ ይከመር ነበር። ወረቀት ሲላክለትም «ይሄ የነጋዴዎች ነው፣ ተሳስተው ነው» እያለ ይተወዋል። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ እናቴ ግድግዳውን እያየች «ያን ፎቶህን ቆመን ስናደንቅ ቤታችንን አስበላነው» ትለው ነበር።

የግብር ሰዎች የመጡት በታኅሣሥ፣ ሽንኩርቱ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። አንዱ ፖሊስ ነበር። ሌላው አቶ ዳዊት የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት፤ ቆላ ያልለመደው፣ መሀረቡን ከአንገቱ የማያወጣ። እናቴ ውሃ አቀረበችለት።

«ወይዘሮ ተናኜ፣ እኔን የላከኝ ሕግ ነው» አላት፤ ብርጭቆውን ሳይነካ።

«ሕግ ራሱ ቢመጣ በዚህ ሙቀት ውሃ ይጠጣ ነበር። ይጠጡ።»

ጠጣ። ድጋሚ ቀዳችለት፤ ያንንም ጠጣ። ከዚያ ቤቱን በዓይኑ ዞረው። አልጋ እንደማይነካ፣ የማብሰያ ዕቃ እንደማይነካ፣ የእርሻ መሣሪያ እንደማይነካ እየተናገረ ነበር። እኔ ጥሩ ሰው ነው አልኩ፤ ምንም አይነካም። በመስኮቱ በኩል ወደ ጓሮ አየና ጠየቀ፦

«ያቺ ላም የማን ናት?»

አባቴም እናቴም ዝም አሉ። ደነገጡ ብዬ አላሰብኩም፤ ያፈሩ መሰለኝ። ስለዚህ እኔ መለስኩላቸው።

«የኛ ናት! ሸጊቱ ትባላለች። መሲና ናት!»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ፖሊሱ ወደ በሩ ዞሮ አፉን በእጁ ያዘ። አቶ ዳዊት ለጥቂት ጊዜ እያየኝ ቆየና የሆነ ነገር ጻፈ። አሁን ሳስበው ላሚቱ ከመስኮቱ ስር ቆማ ስለነበር እኔ ባልናገርም አያጣትም ነበር። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት ያን ታሪክ ስታወራ ከዚህ ነው የምትጀምረው።

አመሻሹ ላይ እናቴና አባቴ ደጅ ተቀምጠው ሲነጋገሩ እኔ ከውስጥ እሰማለሁ።

«ታዲያ ባራጅ ትሂድ?» አለች እናቴ።

«በወር ውስጥ ካልከፈልን ባራጅ ነው አለ እኮ። ሽንኩርቱ አልደረሰ፣ ምን ላድርግ?»

«የአባቴ ላም ባራጅ!»

በሐራጅ ነበር የሚሉት። አፋቸው ግን እንደ ሸዋ ሰው አፍ «ሐ»ዋን ይውጣት ነበር። እኔ ሐራጅ የሚባል ቃል ሰምቼ አላውቅም። አራጅን ግን አውቃለሁ። በፋሲካ ዋዜማ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ እጅጌውን የሚሰበስብ ሰው ነው።

እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ወሰደኝ። ጠዋት ስነቃ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ነቃሁ። በኛ ከተማ ሥጋ ሲባል ማንም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያረደው ማን ነው? ክርስቲያን ካረደው ክርስቲያን ይበላዋል፣ ሙስሊም ካረደው ሙስሊም። ጎረቤታችን ጋሼ አሊዪ በኛ ፋሲካ የሚጠጣው ለስላሳ ነው፤ እኛም በነሱ አረፋ የምንበላው ብስኩት ነው። ፍቅር አለ፣ ሥጋ ላይ ግን ድንበር አለ።

ስለዚህ አቶ ዳዊት በማግስቱ ማስታወቂያ ሊለጥፍ ሲመጣ መንገድ ላይ ጠብቄ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ አራጁ እስላም ነው ክርስቲያን?» ያኔ ልጆች የምንለው እንዲህ ነበር።

ሐራጁ ያልኩት መሰለው። ላቡን ጠረገና፣ ለትልቅ ሰው እንደሚመልስ አድርጎ መለሰልኝ።

«ሐራጅ ሃይማኖት የለውም። ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ነው።»

ሃይማኖት የሌለው አራጅ! በስመ አብም ቢስሚላህም ሳይል የሚያርድ! እንዲህ ያለ ሰው ያረደውን ክርስቲያንም አይበላ፣ ሙስሊምም አይበላ። ሸጊቱ እንዲያው በከንቱ ልትሞት ነው። ይሄ ከሞትም የባሰ መሰለኝ።

ማስታወቂያውን የቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሄደ። ቀርቤ አነበብኩት። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ማንበብ እችላለሁ፤ መምህራችንም ለሆሄ ስህተት ምሕረት የለውም ነበር። «የሐራጅ ሽያጭ ማስታወቂያ» ይላል። ተሳስተዋል። ትልቅ ሰው፣ ማኅተም ያለው ሰው፣ «አ» እና «ሐ» አይለይም። ከአንዲት ሻይ ሻጭ ምድጃ ከሰል አንስቼ «ሐ»ዋን ሰረዝኩና በላይዋ በትልቁ «አ» ጻፍኩ። የአራጅ ሽያጭ ማስታወቂያ። አሁን ልክ ሆነ። ለምን እንዳረምኩት እርግጠኛ አይደለሁም፤ ክፉ ነገር ቢሆን እንኳ በትክክል ይጻፍ ያልኩ ይመስለኛል። ይሄም እስከ ዛሬ አለብኝ።

ከተማው በሳቅ ሞተ። «አራጅ ይሸጣል» እየተባለ ተወራ። አቶ ዳዊት አባቴን አስጠርቶ «መንግሥት ላይ እያፌዛችሁ ነው?» ብሎ ጮኸበት። አባቴ ጽሕፈቴን አወቀው፤ ይዞኝ ሄደ።

«ለምንድን ነው ያበላሸሽው?» አለኝ አቶ ዳዊት።

«አላበላሸሁም። ስህተት ነበር፤ አረምኩላችሁ።»

ኮስተር ብሎ ሊያየኝ ሞከረ፤ አልቻለም። መሀረቡን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። የሚያለቅስ መሰለኝ፤ በስህተቱ አፍሮ። «ሂጂ» አለኝ በመሀረቡ ውስጥ። ሌላ ወረቀት አልለጠፈም፤ ያው እንዳለ ተወው።

ቀልዱ ግን እዚያ አልቀረም። የጭነት መኪና ሾፌሮች ተቀብለው ጀውሃ አደረሱት። እዚያ ሾፌሮች የሚመገቡበት ሥጋ ቤት ያለው አቶ ታምራት የሚባል ሰው ነበር። «ሮቢት አራጅ እየሸጡ ነው» ሲሉት ሳቀ፤ ስቆም ሲያበቃ «እውነቱ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱ መሲና መሆኑን ነገሩት።

እኔ ያኔ የማላውቀው ነገር ይህ ነው። ሰፈሩ ተማክሮ ነበር። ጋሼ አሊዪ ላሚቱን በመነሻው ዋጋ እንዲይዛት፣ ሌላ ማንም እጁን እንዳያነሳ፣ አባቴ ሽንኩርቱን ሲሸጥ ገንዘቡን መልሶ ላሚቱን እንዲወስድ። የጎረቤት ከብት በሐራጅ ሲወጣ መጫረት በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ማንም አልተቃወመም። ሸጊቱ ከቤታችን ወደ ጋሼ አሊዪ ቤት፣ ቦዩን ተሻግራ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ቤቷ። በቃ። የጀውሃን ሰው ግን ማንም አላሰበውም።

ሐራጁ በቀበሌው ግቢ፣ በማንጎው ጥላ ሥር ነበር። ሸጊቱ ታስራ ቆማለች፤ ዝንብ በጅራቷ ትከላከላለች። እኔ በሕዝቡ መካከል ሃይማኖት የሌለውን ሰው እየፈለግኩ ነበር። አንገቱ ላይ ማተብ የሌለው፣ ራሱ ላይም ቆብ የሌለው ሰው። አንድ የማላውቀው ወፍራም ሰው ከአጠገቤ ቆመ። ፊቱ ብሩህ ነው፤ ማተብ አለው። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ያቺ ላም የናንተ ናት?»

«አዎ።»

«ውብ ናት። ምን ትበላለች?»

«የሽንኩርት ቅጠል አትወድም። ሸንኮራ ትወዳለች።»

«ጎበዝ፣ አፏን ታውቃለች» አለ። በዓይኑ ከቀንዷ እስከ ጭራዋ እየለካት ነበር፤ እኔ ፍቅር መሰለኝ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ቢወስዳት አልኩ። ከረሜላውን እየመጠጥኩ ቅዱስ ሚካኤልን ለመንኩት፤ ይሄ ሰው ያግኛት ብዬ።

አቶ ዳዊት ወንበር ላይ ወጣ። መነሻውን ተናገረ። ጋሼ አሊዪ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፊቱ ሁልጊዜ የተቋጠረ ሰው ነበር። እጁን አነሳ።

«በመነሻው እኔ አለሁ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አቶ ዳዊት «የሚጨምር?» አለ። ልክ ሊዘጋ ሲል ከአጠገቤ ያለው ሰውዬ «እኔ እጨምራለሁ» አለ።

«አንተ ደግሞ የማን ነህ?» አሉት አንዲት አሮጊት፣ ዞረው።

«የጀውሃ ነኝ፣ እናቴ። አራጅ ይሸጣል ሲሉኝ ዋጋዬን ላውቅ መጣሁ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ጋሼ አሊዪ ጨመረ። ሰውዬው ጨመረ። ቁጥሩን አላስታውስም፤ ያኔም አልገባኝም። የማስታውሰው የጋሼ አሊዪን ግንባር ነው፤ ላቡ ሲወርድ አይጠርገውም። አንዴ ቆመ፤ ያበቃ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ከተተና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ዳሰሰ። ዓይኑን ጨፈነ። «እጨምራለሁ» አለ፤ የተጣላ ሰው በሚመስል ድምፅ።

የጀውሃው ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ። «ከዚህ በላይ ከሆነ ለሾፌሮቹ የምቆርጠው ወርቅ ነው» አለና እጁን ኪሱ ከተተ።

«አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ! ሦስት ጊዜ!»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ደጉ ሰውዬ ተሸነፈ፤ ፊተ ጨለማው ጋሼ አሊዪ ወሰዳት። ይባስ ብላ እናቴ ሄዳ ትከሻውን ሳመችው። ላማችንን የቀማንን ሰው! አቶ ዳዊትም ወርዶ ለአባቴ «ከዕዳው የተረፈው ለእናንተ ይመለሳል» እያለ ሲነግረው ነበር። ተመለሰም፤ ግን የመንግሥት ገንዘብ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይቸኩልም፤ አረፋ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የተመለሰው።

ነገሩ ሁሉ የጠነከረው በዚያች አረፋ ምክንያት ነው። በማግስቱ የጋሼ አሊዪ ልጅ ነዒማ፣ አንድ ክፍል አብራኝ የምትማረው፣ ነገረችኝ።

«ዘንድሮ አረፋ ከብት ልናርድ ነው። ሰባት ቤት ሆነን። ገንዘቡ አባዬ ጋር ነው።»

«የትኛውን ከብት?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ከብት ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። አራጁ ሃይማኖት ነበረው። ጎረቤታችን ነበር።

ልጅ ብሆንም ከእውነቱ ብዙ አልራቅኩም። በጨርቅ የተጠቀለለው ያ የሰባቱ ቤት ገንዘብ ነበር። ጋሼ አሊዪ የራሱ አልበቃ ሲለው በአደራ የያዘውን ጨመረበት። በዚያው ምሽት ስድስቱን ቤት እየዞረ ነገራቸው። አምስቱ «ይሁን፣ እንደ አቅማችን ፍየል እናርዳለን፤ የጎረቤት ነገር ነው» አሉት። ስድስተኛው ሽማግሌው ሙጂብ ነበሩ። እሳቸው የከብት ነጋዴ ናቸው፤ በአደራ ቀልድ አያውቁም። «እኔ ያዋጣሁት ለከብት ነው። ከብት ተገዝቷል። ከብቱ ይታረዳል» አሉት። ሐቅ ነበራቸው፤ እናቴም ሐቅ እንደነበራቸው ሳትናገር አታልፍም።

አረፋ በጥር ነበር ያን ዓመት። ጎህ ሲቀድ ከአባቴ የእርሻ ዱላዎች አጠር ያለውን መርጬ ቦዩን ተሻገርኩ። ሸጊቱ በጋሼ አሊዪ ግቢ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ታስራ ነበር። ከፊቷ ቆምኩ። ጋሼ አሊዪ ለሶላት ሊወጣ ሲል አየኝ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል።

«ሰርኬ፣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምንም።»

«ላሚቱን ውሃ ላጠጣት።»

ዱላውን አነሳሁ። ቆሞ አየኝ፤ ባልዲውን እዚያው አስቀምጦ ሄደ። ነዒማን ወደ ቤታችን ልኮ «ልጅሽ እኛ ዘንድ ናት፣ አትጨነቂ» አስብሎ ነበር። እናቴም አልተጨነቀችም፤ «ትቁም» አለች ይባላል። እኔ ብሆን፣ ሜሮን ቢላዋ የያዙ ሰዎች በሚመጡበት ግቢ ዱላ ይዛ ብትቆም፣ ከተማውን በእሪታ እገለብጠው ነበር።

ከሶላት ሲመለሱ ሰባቱም አብረው ገቡ። ነጭ በነጭ። ሽማግሌው ሙጂብ ከፊት ናቸው፤ ገመድ በትከሻቸው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ በብብታቸው።

«አሊዪ፣ ወላሂ እኔ ላም ልጎበኝ አልመጣሁም» አሉ። እሳቸው «ወላሂ» ሳይሉ ደህና ዋሉ እንኳ አይሉም ነበር። «ወላሂ ቤቴ ሴትዮዋ ድስት ጥዳ ነው የምትጠብቀኝ።»

«ጋሼ ሙጂብ፣ ቀስ ይበሉ፤ ልጅ አለች» አለ ጋሼ አሊዪ።

«የማን ልጅ?»

«የተናኜ። ከጠዋት ጀምሮ ዘብ ቆማለች። እኔን እንኳ አላስቀረበችኝም።»

ሽማግሌው ቀረቡኝ። ጢማቸው በሂና ቀይ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ።»

«አራጁ አንቱ ነዎት?»

«ነኝ። ምነው?»

«ሃይማኖት አለዎት?»

ሰዎቹ ሁሉ ደነገጡ። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ በሕይወታቸው እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ደግሞ በዒድ ቀን፣ ከሶላት ሲመለሱ።

«ምን አለች? ምን አልሺኝ አንቺ?»

«አቶ ዳዊት ነው አራጁ ሃይማኖት የለውም ያለኝ» አልኩና ለቅሶዬ መጣ።

ከኋላ አንዱ ሰው ነገሩ ገባውና ሳቁ አመለጠው፤ ያቺ የከሰል «አ» ትዝ ብላው ይሆናል። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ጉልበታቸውን እያመማቸው ቁጢጥ አሉ፤ ፊታቸው ከፊቴ ትይዩ ሆነ።

«አለኝ» አሉ በቀስታ። «አልሃምዱሊላህ፣ አለኝ።»

ገበያ ላይ ለማኞች ክርስቲያኑን ስለ ማርያም፣ ሙስሊሙን ስለ አላህ እንደሚሉ አውቃለሁ። እንባዬን በክንዴ ጠረግኩና እንደነሱ አልኩ።

«እንግዲያ ስለ አላህ ይተዉልኝ።»

የሆነ ቤት ፍየል ይጮሃል። ሽማግሌው ተነሱ፤ በጎኔ አልፈው ወደ ሸጊቱ ሄዱ። ዱላዬን ማንሳት ረሳሁ። እጃቸውን ጎኗ ላይ አሳረፉ፣ ሆዷን ከታች ዳበሱ፣ ጅራቷን አንስተው አዩ፣ ጆሯቸውን ለሆዷ አስጠጉ። ረጅም ጊዜ። ከዚያ እንደተቆጣ ሰው ዞሩ።

«አሊዪ! ዕውር ነህ እንዴ አንተ?»

«ምን ሆነች?»

«ይቺ ላም ከብዳለች!»

ጋሼ አሊዪ አፉን ከፈተ። «ከብዳለች?»

«ጎኗን አታየውም? እርጉዝ ልታሳርደኝ ነው? በዒድ ቀን?»

ጋሼ አሊዪ ላሚቱን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ እኔን አየ።

«እ... እውነትዎን ነው» አለ። «አሁን ገና አየሁት።»

«እርጉዝ አላርድም» አሉ ሽማግሌው። ገመዳቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው፤ አንዳንዱ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ማሻአላህ፣ ከብዳለች» እያለ። ያን ቀን ሽማግሌው ለቤታቸው ፍየል ፍለጋ በፀሐይ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ እንደዋሉ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ቤቴ የደረስኩት ዱላዬን ጥዬ ነው።

«እማዬ! ሸጊቱ ከብዳለች! ጋሼ ሙጂብ አሉ!»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። «ከየት አምጥታ? ኮርማ እንኳ ካየች...»

«ዝም በል፣ ክንፈ» አለችው እናቴ።

«አይ፣ እኮ ማለቴ...»

«ዝም በል አልኩህ። እሳቸው ከብት ያውቃሉ።» ከዚያ ወደኔ ዞራ «ወላሂ አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አሰብኩ። «አላሉም።»

ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰብሮ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች። እኔ ያለቀሰችው ጥጃው እንደ መጀመሪያው ይሞታል ብላ ፈርታ መሰለኝና «አይሞትም፣ አይዞሽ» አልኳት።

ያን ዓመት ሙሉ ጥጃ ጠበቅኩ። ሽንኩርቱ ደርሶ ተሸጠ፤ ከገቢዎች ቢሮ ተራፊው ገንዘብም ወጣ፤ አባቴ የጋሼ አሊዪንና የስድስቱን ቤት ገንዘብ መለሰ። ፈቃዱንም ከግድግዳው አውርዶ፣ ከመስታወቱ ሳያወጣ፣ እንዳለ ቢሮ ወስዶ አስረከበ። ሸጊቱ ቦዩን ተሻግራ ቤቷ ገባች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጆሮዬን ሆዷ ላይ እለጥፋለሁ። ጋሼ አሊዪ ሲያልፍ ቆም ይልና፣ ያ የማይፈታው ፊቱ እንደተቋጠረ፣ እጁን ጎኗ ላይ አድርጎ «ይኸው ረገጠ፤ ሰማሽ?» ይለኛል። እሰማለሁ። በእውነት እሰማ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አንድም ሰው ሳያፈነግጥ ከእኔ ጋር ጥጃ ጠበቀ።

ሸጊቱ አልወለደችም። በኛው ጓሮ አርጅታ ሞተች። እኔ አሥረኛ ክፍል ስደርስ፣ የላም እርግዝና ስንት ወር እንደሆነ በባዮሎጂ ስንማር፣ ያኔ ነው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የገባኝ።

ጋሼ አሊዪ ዐርፏል። ሽማግሌው ሙጂብ ግን አሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ አሁን ጢማቸውን ሂና የምትቀባቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ባለፈው ሐምሌ ግብሬን ከፍዬ ስመለስ ደጃፋቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሜሮን አብራኝ ነበረች። ድምፄን ሰምተው አወቁኝ።

«ያቺ ሃይማኖቴን የመረመረችኝ ናት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ ሙጂብ።» ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ልጠይቃቸው ፈልጌ ፈርቼ ነበር፤ መልሳቸው ደስ የሚለኝን ነገር ያበላሽብኛል ብዬ። «ያን ቀን ግን፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ላሚቱ ከብዳ ነበር?»

«ከብት ነጋዴ አይደለሁም እንዴ? ከብዳለች ካልኩ ከብዳለች።»

«ታዲያ ጥጃው የታለ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ይመጣል» አሉ። «ምን አስቸኮለሽ?»